የአዋሽ ዳር ስለቶች፦ ከጎና ጠጠር እስከ በረዶ ሜዳ

ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ወደ ሰመራ የሚወስደው አስፋልት ገዋኔን አልፎ ሚሌ ይደርሳል። ከሚሌ አንዱ መንገድ ወደ ባቲ ይታጠፋል፤ ሌላው በሎግያ በኩል ሰመራ ገብቶ ወደ ጅቡቲ ይቀጥላል። ቀንም ሌሊትም ከባድ መኪና የማይለየው ይህ መስመር ለተጓዥ ዓይን አቧራ፣ ግራርና ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነው። ከመስመሩ በስተ ምዕራብ፣ ከሃዳር አጠገብ ግን ጎና የሚባል የአዋሽ ገባር አለ። ዝናብ በጣለ ቁጥር ጎርፉ ገደሉን እየሸረሸረ ለሚሊዮን ዓመታት የተቀበረውን ያጋልጣል። ጎና ካጋለጣቸው ነገሮች መካከል ከመዳፍ የማይሰፉ ስል የድንጋይ ስንጣሪዎች ይገኛሉ። ዕድሜያቸው 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው።

የመቁረጫ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው በሠሪው እጅ ነው፤ ማን ፈለጠ፣ ማን ቀጠቀጠ፣ ማን ሳለ እየተባለ። ከዚያ በፊት ያለው ሥራ ይዘነጋል። ድንጋይ የሚፈልጥ ሰው አስቀድሞ ድንጋዩን መርጧል፤ ብረት የሚቀጠቅጥም ብረቱን መርጧል። የአፋር ምድር ለዓለም ካሳየቻቸው ማስረጃዎች ውስጥ ይህ የምርጫ ማስረጃ ከሉሲ አጽም ባላነሰ ሊነገርለት ይገባል።

በዘመን ቅደም ተከተል ከተሄደ መነሻው ዲኪካ ነው። ከሃዳር አዋሽን ተሻግሮ በሚገኘው በዚህ ስፍራ፣ ‹ሰላም› የተባለችውን ሕፃን ቅሪተ አካል ያገኘው የዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2010 ሁለት የእንስሳት አጥንቶችን ይፋ አደረገ። አንዱ ላም የሚያክል እንስሳ ጎድን፣ ሌላው ፍየል የሚያክል እንስሳ የጭን አጥንት ነው። ሁለቱም ላይ ጭረት አለ፤ ዕድሜያቸውም 3.4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ቡድኑ ጭረቱ ሥጋ በስል ድንጋይ ሲገፈፍ የተፈጠረ ነው አለ። ሌሎች ባለሙያዎች ደግሞ እንስሳት ሲረግጡት አሸዋ የፋቀው ወይም የአዞ ጥርስ ያሳረፈው ሊሆን ይችላል ብለው ተከራከሩ። በስፍራው የተፈለጠ ድንጋይ አልተገኘም። ጭረቱ የሰው ዘር ሥራ ከሆነ፣ ቆራጩ በተፈጥሮው ስል የሆነ ድንጋይ ከመሬት አንስቶ ሊሆን ይችላል፤ ማለትም ስለት ከመሥራቱ በፊት ስለት መርጧል ማለት ነው። ነገሩ የሚያጓጓ ቢሆንም ሁለት አጥንት ላይ ታሪክ መገንባት አይቻልም። ጎና ላይ ግን ይቻላል።

ፈረንሳዊው የሥነ ምድር ሊቅ ሞሪስ ታይብ የአዋሽን ሸለቆ ማሰስ የጀመረው በ1960ዎቹ ነው። በኅዳር 1974 ሉሲ ሃዳር ላይ ተገኘች። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1976፣ ኤሌን ሮሽና ጉድሩን ኮርቪነስ በጎና ወንዝ ዳር ከጥንታዊ የደለል ንብብር ውስጥ የተፈለጡ ድንጋዮች አገኙ። በጣም ያረጁ መሆናቸው ያኔም ተጠርጥሮ ነበር፤ በቁጥር ለማረጋገጥ ግን ጊዜ ወሰደ። ሥራውን ዳር ያደረሰው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ ጎና የዘለቀው ኢትዮጵያዊው የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ስለሺ ሰማው ነው። ምሥራቅ ጎና 10 እና 12 ተብለው በተሰየሙት ስፍራዎች ቡድኑ ከመሬት ገጽም ከቁፋሮም ወደ 3,000 የሚጠጉ የድንጋይ ሥራዎችን ሰበሰበ። ጥናቱ በጥር 1997 ኔቸር መጽሔት ላይ ወጣ።

ዕድሜው እንዴት ታወቀ? ስንጣሪዎቹ ካሉበት ንብብር በላይ የእሳተ ገሞራ አመድ ተኝቷል። በአመዱ ማዕድናት ውስጥ የተጠራቀመው የአርጎን ጋዝ ሲለካ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆነ። ከንብብሩ በታች ደግሞ የምድር መግነጢስ ሰሜንና ደቡቡን የተቀያየረበት፣ በመላው ዓለም የሚታወቀውና 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው ምልክት አለ። ድንጋዮቹ ከሁለቱ መሃል ናቸው። ኡንዳ ጎና ደቡብ በተባለው ክፍል በኋላ የተቆፈረውና በ2003 የታተመው ግኝት ደግሞ ስንጣሪዎቹን ከእንስሳት አጥንት ጋር በአንድነት አሳየ።

አንዱን ስንጣሪ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ሠሪው በአንድ እጁ የወንዝ ድንጋይ ይይዛል፤ በሌላው ጠንካራ ድቡልቡል መምቻ። የሚመታው የድንጋዩን መሃል አይደለም። ጠርዙ ሹል ማዕዘን ያለውን ቦታ ፈልጎ፣ ከጠርዙ ጥቂት ገባ ብሎ ያሳርፋል። ማዕዘኑ ከ90 ዲግሪ ከሰፋ ምቱ ድንጋዩን ያደቅቀዋል እንጂ አይፈልጠውም። በትክክል ካረፈ ኃይሉ እንደ ባሕር ዛጎል እየሰፋ ወደ ውስጥ ይሄድና ስስ ቅርፊት ያወጣል። በስንጣሪው ላይ ሦስት ነገሮች ይቀራሉ፤ ምቱ ያረፈባት ጠባብ ገበታ፣ ከእርሷ ሥር ያለች ጉብታ፣ ከጉብታዋ ወደ ታች የሚሰፋ የሞገድ መስመር። ገደል ተንዶ ወይም ጎርፍ አንከባልሎ የሰበረው ድንጋይ እነዚህን በአንድነትና በተደጋጋሚ አያሳይም። የጎና ድንጋዮች ግን ደጋግመው ያሳያሉ፤ አንዱ ድንጋይ ላይ ምት በምት ላይ በሥርዓት አርፏል። የዚያ ዘመን ሠሪዎች የትኛው ማዕዘን እንደሚፈለጥ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር።

ድንጋዩንስ እንዴት አወቁት? ለዚህ ጥያቄ መልስ የመጣው በ2005 ነው። ዲትሪች ስታውት፣ ስለሺ ሰማውና ባልደረቦቻቸው አንድ ቀላል፣ ነገር ግን ብዙ ድካም የሚጠይቅ ሥራ ሠሩ። በዚያ ዘመን አዋሽ ያንከባለላቸው ጠጠሮች ዛሬም በጎና ገደል ውስጥ እንደ ኮንክሪት ተጣብቀው ይታያሉ። ተመራማሪዎቹ ከዚያ ናሙና ወስደው ወንዙ ያቀረበው ድንጋይ ምን ምን እንደሆነ መዘገቡ። ከዚያ ሠሪዎቹ ከተጠቀሙባቸው ድንጋዮች ጋር አነጻጸሩት። ሠሪዎቹ ያገኙትን ያነሱ ቢሆኑ ኖሮ ሁለቱ ዝርዝሮች ይመሳሰሉ ነበር። አልተመሳሰሉም።

ልዩነቱ በድንጋዩ ሰውነት ውስጥ ነው። በጎና ጠጠር ውስጥ ትራካይት፣ ራዮላይት፣ ባዛልትና ሌሎችም የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች አሉ። አንዳንዱ ድንጋይ ውስጡ በዓይን የሚታይ ትልልቅ ፍሬ አለው፤ ቀልጦ ሲቀዘቅዝ የተፈጠረ የማዕድን ቅንጣት ነው። ምቱ ያስነሳው ኃይል እንዲህ ያለ ፍሬ ላይ ሲደርስ ይሰናከላል፤ ስንጣሪው አቅጣጫ ይስታል፣ ጫፉም ሸካራ ይሆናል። ልሙጥ፣ ፍሬው ደቃቅና ጥቂት የሆነ ድንጋይ ግን ኃይሉን እኩል ያሳልፋል፤ ስለቱም ቀጥ ያለና ስል ሆኖ ይወጣል። የጎና ሠሪዎች ፍሬው የበዛውንና የተለቀውን እየተዉ ልሙጡን አንስተዋል። በተለይ ጥሩ ትራካይት ይወዱ ነበር። የዛሬ ድንጋይ ጠራቢ የሚያየውን ሦስት ነገር፣ ማለትም የፍሬውን ብዛት፣ የፍሬውን መጠንና የድንጋዩን ልስላሴ፣ እነርሱም አይተዋል።

ሌላም ፍንጭ አለ። አንድ የወንዝ ድንጋይ ሲፈለጥ መጀመሪያ የሚወጡት ስንጣሪዎች የድንጋዩን ውጫዊ ልጣጭ የያዙ ናቸው። እያደር የሚወጡት ልጣጭ አልባ ይሆናሉ። በጎና ስፍራዎች ልጣጭ የያዙት የመጀመሪያዎቹ ከሚጠበቀው በታች ናቸው። ስለዚህ ሠሪዎቹ ድንጋዩን ሌላ ቦታ፣ ምናልባትም ጠጠሩ ካለበት፣ አንድ ሁለት ጊዜ መትተው ካዩት በኋላ ነበር የሚያመጡት። ይህ ግምገማ ነው። የዛሬ ድንጋይ ፈላጮችም መጀመሪያ መታ አድርገው ድምፁን ያዳምጣሉ፤ የተሰነጠቀ ድንጋይ ድምፁ ይታፈናል። ከዚያ አንድ ስንጣሪ አውጥተው ውስጡን ያያሉ፤ ካልወደዱት ይጥሉታል።

ኒኮላስ ቶት፣ ካቲ ሺክና ስለሺ በ2006 ባሳተሙት ንጽጽር ከዚያው ከጎና የመጣ ጠጠር የሦስት ዓይነት ሠሪዎች መፈተኛ ሆነ። አንደኛዎቹ የጎና የጥንት ሠሪዎች ራሳቸው ናቸው። ሁለተኛዎቹ በድንጋይ ፈለጣ የሠለጠኑ የዛሬ ሰዎች። ሦስተኛዎቹ አሜሪካ ውስጥ ከ1990 ጀምሮ ድንጋይ መፍለጥ የተማሩት ካንዚና ዘመዶቹ፣ ቦኖቦ የሚባሉት የዝንጀሮ ዘሮች ናቸው። ካንዚ ስንጣሪ ማውጣት ችሏል፤ ገመድ ቆርጦ ምግቡን አግኝቶበታልም። ጠርዙን ግን ብዙ ጊዜ ያደቀው ነበር። የጎና ሠሪዎች ሥራ ከካንዚ ይልቅ ለዛሬው ሰው የቀረበ ሆኖ ተገኘ። 2.6 ሚሊዮን ዓመት ወደኋላ ተሂዶ ጀማሪ ይገኛል ብሎ የጠበቀ ሰው ባለሙያ አገኘ።

እነዚህ ባለሙያዎች እነማን ነበሩ? ከእነዚህ ጥንታዊ የጎና መሣሪያዎች ጎን የሠሪው አጥንት አልወጣም። ወደ ሚሌ አቅጣጫ በሚገኘው በሌዲ ገራሩ ግን ወሳኝ ነገር ተገኝቷል። በ2013 መጀመሪያ ላይ፣ ያኔ በአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ቻላቸው ሥዩም አንድ የታችኛ መንጋጋ ከነጥርሱ ከመሬት አነሳ፤ ዕድሜው 2.8 ሚሊዮን ዓመት፣ ወገኑም ከእኛው ዘር ከሆሞ። በዚያው አካባቢ ቦኮል ዶራ በተባለ ስፍራ ከሸክላማ አፈር ውስጥ የወጡ ከ300 በላይ የድንጋይ ሥራዎች ደግሞ በ2019 ይፋ ሆኑ፤ እነርሱም 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ናቸው። በመንጋጋውና በመሣሪያው መካከል ያለው 200,000 ዓመት ገደማ ነው። ሆኖም ሠሪው ሆሞ ብቻ ነው ብሎ ለመደምደም አይበቃም፤ ምክንያቱም በዚያው ዘመን በዚያው ሸለቆ ሌላ ወገንም ይኖር ነበር።

ያ ወገን የተገኘው ቡሪ ላይ፣ ከገዋኔ በስተ ምዕራብ በመካከለኛው አዋሽ ነው። የብርሃነ አስፋውና የቲም ኋይት ቡድን በ1999 አውስትራሎፒቴከስ ጋርሂ ብሎ ሰየመው፤ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አለው። በዚያው ንብብር የተገኙት የእንስሳት አጥንቶች ታሪካቸው ግልጽ ነው። የአንድ ድኩላ መሰል እንስሳ መንጋጋ በውስጥ በኩል ተቧጭሯል፤ ምላሱ ሲቆረጥ የተረፈ ምልክት ነው። የአንድ ትልቅ እንስሳ ቅልጥም በድንጋይ ተመትቶ ተሰብሯል፤ መቅኒው ተፈልጎ። የጥንት ፈረስ የጭን አጥንትም የቢላዋ ምልክት አለው።

ቡሪ ላይ ግን መቁረጫዎቹ የሉም ማለት ይቻላል። ያ ስፍራ ያኔ የሐይቅ ዳር ሜዳ ነበር፤ ለመፍለጥ የሚሆን ድንጋይ በአካባቢው አልነበረም። ቆራጮቹ ስለታቸውን ከሌላ ቦታ ይዘው መጥተው፣ ሠርተውበት፣ ይዘውት ሄደዋል። ጎና ድንጋይ ሞልቶ ስለነበር መሣሪያውን እዚያው ጥለውታል፤ ቡሪ ስላልነበረ አልጣሉትም። ለወደፊት ሥራ ብሎ ስለት ተሸክሞ መሄድ፣ ስለቱ እንደማይዶለዱም ወይም እንደማይሰበር አስቀድሞ መገመትን ይጠይቃል። ከአዋሽ ዳር ታሪኮች ሁሉ የበለጠ መነገር የሚገባው ምናልባት ይህኛው ነው፤ መሣሪያው ራሱ ሳይገኝ የመሣሪያው ዋጋ የታወቀበት ነውና።

ጎና ለረጅም ጊዜ የዓለም ጥንታዊ የድንጋይ መሣሪያ መገኛ ሆኖ ቆይቷል። በ2015 ኬንያ ውስጥ ሎመክዊ ላይ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ያላቸው ድንጋዮች ይፋ ሲሆኑ ደረጃው ተቀየረ። የሎመክዊዎቹ ግን ትልልቅና ሻካራ ናቸው። በጥንቃቄ ስለ ተመረጠና በሥርዓት ስለ ተፈለጠ ድንጋይ ሲወራ ጎና ዛሬም ዋና ምስክር ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን ረጅም ነው። ከ1.7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ ሁለት ፊቱ የተጠረበ ትልቅ የእጅ መጥረቢያ በኮንሶም በጎናም ይታያል፤ ሠሪዎቹም ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በላይ ያንኑ ቅርጽ ደጋግመው ሠርተዋል። በአዋሽ ላይኛው ተፋሰስ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በመልካ ቁንጥሬ ግን አንድ አዲስ ነገር ሆነ። ሲምቢሮ በተባለው ክፍል፣ ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ ከ500 በላይ መሣሪያዎች በአንድ ስፍራ ተሠርተው ተገኙ፤ ጥቂቶች ሲቀሩ ሁሉም የባልጩት ናቸው። ጎርፍ የባልጩት ጠጠር አምጥቶ ከምሯል፤ ሠሪዎቹ ደግሞ ሌላውን ድንጋይ ትተው በዚያ ላይ ተሰማርተዋል። ይህን የማርጋሪታ ሙሲ ቡድን በ2023 አሳተመ።

ባልጩት የእሳተ ገሞራ መስተዋት ነው፤ ምንም ፍሬ የለውም ማለት ይቻላል። ሲፈለጥ የሚያወጣው ጫፍ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ከብረት ምላጭ ይቀጥናል። ዛሬም አንዳንድ የቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ሞክረውታል። ነገር ግን ቀጭን ስለት ተሰባሪ ነው። አጥንት ሲነካ ይሸረፋል፤ የተሸረፈው ደግሞ ሠሪውን ራሱን ይቆርጣል። ባዛልትና ትራካይት ስለታቸው ከባልጩት ያነሰ ቢሆንም ብዙ ይሠራሉ። ከዚህ ዘመን በኋላ በአዋሽ ሸለቆ የሚታየው ሁሉ በእነዚህ ሁለት ፍላጎቶች መካከል የተደረገ ምርጫ ነው፤ ስልነት በአንድ በኩል፣ ጥንካሬ በሌላ በኩል።

ሄርቶ ላይ ምርጫው በግልጽ ይነበባል። በዚያው በቡሪ አካባቢ በምትገኘው በሄርቶ መንደር በ1997 የተገኙትና በ2003 የታተሙት የራስ ቅሎች 160,000 ዓመት ገደማ ያላቸው የሆሞ ሳፒያንስ ናቸው፤ በአፋርኛ ኢዳልቱ፣ ሽማግሌ፣ የሚል ስም ወጣላቸው። ከእነርሱ ጋር የተገኙት መሣሪያዎች በአብዛኛው ከደቃቅ ባዛልት የተሠሩ ናቸው። ሹል ጫፍና ቀጭን ምላጭ ሲፈለግ ግን ባልጩት ይመረጥ ነበር። ከባድ ሥራ ለባዛልት፣ ስስ ሥራ ለባልጩት። ከራስ ቅሎቹ አንዱ የስድስት ወይም የሰባት ዓመት ልጅ ነው። ቅሉ ላይ በጣም ስል በሆነ ድንጋይ ሥጋው የተገፈፈበት ቀጭን መስመር አለ፤ አጥንቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ በእጅ ከመያዝ የተነሳ ለስልሷል። ሄርቶዎች ለሟቹ ልጅ ያደረጉት ሥርዓት ይሆናል። 

በዝዋይ አካባቢ በጋደሞታ ደግሞ ባልጩት ከዚህም ቀድሞ፣ ከ279,000 ዓመት በፊት፣ የሚወረወር ጦር ጫፍ ሆኖ ነበር፤ ይህን ያሳየው የዮናታን ሳህሌ ጥናት በ2013 ወጥቷል። ጫፉ ዒላማውን ሲመታ የተሰነጠቀበት ፍጥነት በእጅ እንዳልተወጋ፣ በአየር ሄዶ እንዳረፈ ይናገራል።

የብረት ዘመን ሲመጣ ጥያቄው በአዲስ ልብስ ተመለሰ። ለስላሳ ብረት አይሰበርም፤ ግን ቶሎ ይዶለዱማል። ካርቦን ሲጨመርበት ይጠነክራል፤ ሲበዛበት እንደ ባልጩት ይሰበራል። ይህ ሚዛን ከአፋር እጅግ ርቆ፣ በሰሜን አውሮፓ ቀዝቃዛ ሐይቆች ላይ፣ ያልተጠበቀ መልክ ያዘ።

የጥንት ሰሜናውያን በረዶ ላይ የሚንሸራተቱት የእንስሳ እግር አጥንት ከጫማቸው ሥር አስረው ነበር። አጥንት ይንሸራተታል፤ ስለት ግን የለውም፣ በረዶውን አይነክስም። ስለዚህ ተንሸራታቹ በእጁ በትር ይዞ ራሱን ይገፋ ነበር። በ13ኛውና በ14ኛው መቶ ዘመን ሆላንዳውያን እንጨት ላይ የብረት ምላጭ ሲገጥሙ በትሩ ቀረ። ስለት ያለው ምላጭ ጎኑን ሲያዘነብሉት በረዶውን ይይዛል፤ የያዘውን ደግሞ እግር ይገፋዋል። እንግሊዝ ውስጥ የሼፊልድ ብረት ሠሪዎች በዚህ ሥራ ስም አወጡ፤ ጆን ዊልሰን የተባለው ምላጭ ሠሪ ድርጅት ታሪኩን ከ1696 ይጀምራል። አሜሪካዊው ጃክሰን ሄይንስ በ1860ዎቹ ምላጩን ከጫማው ጋር አጥብቆ በማሰር በረዶ ላይ መደነስንና መዝለልን ወደ ቪየና ወሰደ። በ1875 ፊንላንድ ውስጥ አረፈ።

ዛሬ ለፊገር ስኬቲንግ የሚመረጠው ምላጭ አራት ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው፤ ታችኛው ገጹ ግን ጠፍጣፋ አይደለም። በርዝመቱ መሃል ለመሃል ቦይ ተቦርቡሮበታል፤ ቦዩ ግራና ቀኝ ሁለት ስለት ይፈጥራል፣ አንዱ የውስጥ፣ ሌላው የውጭ። ዳኞች ተንሸራታቹ በየትኛው ስለት ተነስቶ በየትኛው እንዳረፈ ይለያሉ። ቦዩ ጥልቅ ከሆነ ስለቱ በረዶውን አጥብቆ ይነክሳል፤ ዝላይ ያረጋጋል፣ ፍጥነት ግን ይቀንሳል። ጥልቀቱ ካነሰ ምላጩ ይፈጥናል፤ ልምድ የሌለው ሰው እግር ግን ያመልጣል። ሰውነቱ የከበደ ተንሸራታች ክብደቱ ራሱ ስለቱን ስለሚያስገባለት ጥልቅ ቦይ አያስፈልገውም። ምላጩ ከፊት ወደ ኋላም እንደ ታንኳ ጎበጥ ይላል፤ የጉብታው ክብ በብዛት 2.1 ወይም 2.4 ሜትር ያህል ሬዲየስ አለው። ጫፉ ላይ ለዝላይ የሚያገለግል ጥርስ አለ። ምላጩ ተስሎ ሲመለስ ጠንቃቃ ተንሸራታች ቀጥ ያለ ነገር በሁለቱ ስለቶች ላይ አጋድሞ እኩል መሆናቸውን ይፈትሻል፤ አንዱ ከሌላው ከፍ ካለ እግሩ ሳያስበው ይዘነብላል። የብረቱ ጥንካሬም ይታያል፤ ጠንካራው ስለቱን ብዙ ቀን ይይዛል፣ ለስላሳው ቶሎ ቶሎ መሳል ይፈልጋል።

ኢትዮጵያ በክረምት ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየችው በ2006 ቱሪን ላይ፣ በአገር አቋራጭ የበረዶ ሸርተቴው ሮቤል ተክለማርያም ነው። የእርሱ መንሸራተቻ ስለታም ምላጭ ሳይሆን ረጅም ሰሌዳ ነው፤ ምርጫው ግን ያው ነው። ሰሌዳው ለሰውየው ክብደት ልክ ካልጎበጠ ወይ አይገፋም ወይ አይሄድም።

ሼፊልድ በረዶ ሲያስብ አፋር ጊሌውን ታጥቆ ነበር። ጊሌ ጎበጥ ያለ፣ ሁለቱም ጎኑ የተሳለ፣ በወገብ ላይ ከነአፎቱ የሚታሰር ጩቤ ነው። በ1933 መጨረሻ ከአዋሽ ጣቢያ ተነስቶ የወንዙን ዳርቻ ተከትሎ እስከ መጨረሻው፣ እስከ አቤ ሐይቅ የተጓዘው እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ቴሲጀር በየደረሰበት ጊሌ የታጠቁ ወንዶችን አይቷል። ለእንግዳ ዓይን ጊሌ የጦር መሣሪያ ነው፤ በአርብቶ አደሩ ቤት ግን ከብት የሚታረድበት፣ ጠፍር የሚበጠስበት የዕለት ተዕለት መገልገያ ነው። ከዳሎል በኩል ያሉት የጨው ሠራተኞችም በመጥረቢያ የጨውን ድርብ ቆርጠው፣ እኩል አስተካክለው ለግመል ጭነት ያዘጋጃሉ፤ የአፋር ጠራቢ እጅ ማዕዘኑን በዓይን ብቻ ያወጣዋል። ቢላዋ የሚሠሩ የአገራችን ቀጥቃጮች ደግሞ ለጥሩ ስለት የመኪና ባሌስትራ ይመርጣሉ። ምርጫቸው ትክክል ነው፤ ባሌስትራ ጭነት ተሸክሞ እየጎበጠ እንዳይሰበር፣ ደግሞም እንዳይልም ሆኖ የተሠራ ብረት ስለሆነ፣ ስለት ሲወጣለት ይይዛል።

የድንጋዩ ዘመን ያለቀ ይመስላል፤ አላለቀም። ኮንሶ ውስጥ ቆዳ የሚፍቁ ሴቶች እስከ እኛ ዘመን ድረስ ኳርትዝና ቸርት መርጠው፣ ፈልጠው፣ እንጨት እጀታ ላይ ገጥመው ሠርተውበታል። ካትሪን አርተር የተባለችው አሜሪካዊት ተመራማሪ ለዓመታት አብራቸው ሠርታ በ2010 ባሳተመችው ጥናት፣ ድንጋይ ፈለጣ የወንድ ሥራ ነው የሚለውን የቆየ ግምት በእነርሱ ምስክርነት አፈረሰችው። ሴቶቹ ሙያውን ከእናቶቻቸው ይማራሉ፤ ጥሩውን ድንጋይ ከመጥፎው መለየትም የትምህርቱ አካል ነው። ፍሬውን አይቶ ድንጋይ የመተው ሙያ በእጅና በዓይን ሲተላለፍ ኖሯል። ለዚህ ሙያ ባለቤቶች ኅብረተሰቡ የሰጠው ክብር ዝቅተኛ መሆኑ ያሳዝናል፤ ሊስተካከልም ይገባል።

የታችኛው አዋሽ ሸለቆ በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ መልካ ቁንጥሬና ባልጪት በ2024 ተጨመሩ። ምዝገባው ድንጋዮቹን ከጎርፍም ከሰው እጅም በራሱ አያድናቸውም። ከሚሌ ወደ ባቲ ወይም ወደ ሰመራ የሚጓዝ፣ በገዋኔ አካባቢ ከብት የሚያግድ፣ መንገድ የሚቆርጥ ወይም በሰመራ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ሰው ገበታ፣ ጉብታና የሞገድ መስመር ያለው ስል ድንጋይ ቢያይ ከቦታው አያንሳው። አንድ ስንጣሪ ዕድሜው የሚታወቀው ከተኛበት አፈር ነው፤ ከላዩ ካለው አመድና ከሥሩ ካለው ደለል ተለይቶ ኪስ ውስጥ ከገባ በኋላ ማንም ላቦራቶሪ ዕድሜውን ሊመልስለት አይችልም። ቦታውን በስልክ ፎቶ አንሥቶ፣ ምልክት አድርጎ፣ ለአፋር ክልል የባህልና ቱሪዝም ቢሮ ወይም ለቅርስ ባለሥልጣን ያሳውቅ።